ከመስኮቱ ወዲህ

ፋርማሲ ለማጥናት ላሰቡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በወረኢሉ የቀረበ ዲስኩር



ንግግሬን በአንድ መቀስ ልጀምር። የ11ኛ ክፍል ትምህርት አልቆ ክረምት ሲገባ አንድ ዘመዴ ከሚያውቀው ሰው መድኃኒት መሸጫ አስገባኝ። ሱቁንም ከተማውንም አልጠራም። ሥራዬ መጥረግ፣ ካርቶን መደርደር፣ ባለቤቱ ለምሳ ሲወጣ ደግሞ «ቀላል ቀላሉን» መሸጥ ነበር። አንድ ቀን ጋቢ የደረቡ አባት መጡና ብራቸውን ቆጥረው «ለሳል የሚሆን አሞክሳሲሊን፣ አራት ፍሬ» አሉኝ። ዐሥር ፍሬ ካለው ስትሪፕ ላይ አራቱን በመቀስ ቆርጬ በጋዜጣ ጠቀለልኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

የመድኃኒቱ ስምና የማብቂያ ቀኑ ከቀሩት ስድስት ፍሬዎች ጋር መደርደሪያው ላይ ቀሩ። መድኃኒቱ ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። በቀን ሦስቴ ለሚወሰድ መድኃኒት አራት ፍሬ ማለት አንድ ቀን ውሎ ለማግስቱ ጠዋት ብቻ የሚበቃ መሆኑንም አላሰላሁም። በዚህ መጠን ጀርም አይሞትም፤ መድኃኒቱን ይላመዳል እንጂ። እኔ ግን መስከረም ሲጠባ ለጓደኞቼ «የፋርማሲ ልምድ አለኝ» እያልኩ አወራሁ። በዚያ ክረምት ልምድ ያገኘው እኔ ሳልሆን ጀርሙ ነበር።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ልምድ ስለሚባለው ነገር ነው።

በእንግሊዝ አገር ፋርማሲ ለመማር የሚያመለክት ወጣት ከፈተና ውጤቱ ሌላ ትምህርቱን ለምን እንደመረጠው ጽፎ ያቀርባል፤ ቃለ መጠይቅም ይቀመጣል። ስለዚህ አስቀድሞ መድኃኒት ቤት ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ሄዶ የሥራውን ጠባይ ለማየት ይጥራል። እኛ ዘንድ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይመጣል፣ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ይወሰዳል፣ ከዚያ ቅጽ ይሞላል። ሜዲስን አንደኛ፣ ፋርማሲ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ለምናስታውስ ሰዎች፣ ቤተሰብ ጉልበቱን ሁሉ በውጤት ላይ ማዋሉ አይገርመንም። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ በተሞላ አንድ ቁጥር ለዕድሜ ልክ የሚሠሩት ሥራ ይወሰናል፣ ያውም ሥራው ምን እንደሆነ ሳይታይ። የክፍል ጓደኞቼ ሦስተኛ ዓመት ላይ «ይሄ ሁሉ ኬሚስትሪ ለምኑ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ካልጠየቀ ልምዱ ለምን ይጠቅማል? የእኔ መልስ አንድ ነው። የመድኃኒት ቤት መስኮት ሁለት ወገን አለው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን፣ የመድኃኒቱን ጠባይ፣ አሠራሩን፣ ጉዳቱን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራችኋል። በአገራችን ይህ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ዛሬ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ይሰጠዋል፤ መምህር አታጡም። ከመስኮቱ ወዲህ ያለውን፣ ማዘዣ ይዞ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ግን የምታውቁት አሁን ነው፤ እናንተው ራሳችሁ እዚያ ሰልፍ ላይ ስለቆማችሁ። ነጭ ጋዋን ከለበሳችሁ በኋላ ያ ሰው እንደ ድሮው አያወራችሁም። «እሺ ዶክተር» ብሎ ይሄዳል።

ምሳሌ ልስጥ። ማዘዣው ላይ «በየ8 ሰዓቱ» ይላል። ከጓሮው ማዶ እርሻ የሚውል ሰው 8 ሰዓትን በምን ይቆጥራል? እኛ ንጋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ብለን እናሰላለን። እሱ ግን ቀኑን በከብቱ መውጫና መግቢያ ነው የሚለካው። ይህን ያወቀ ልጅ «ከብት ስታወጣ፣ ምሳ ስትበላ፣ ልትተኛ ስትል» ብሎ ይናገራል፤ መድኃኒቱም በሰዓቱ ይወሰዳል። ይህን በየትኛውም የፋርማሲ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ሦስቱንም ፍሬ ጠዋት በአንዴ ውጠው ማታ ሲያዞራቸው ተመልሰው መጡ። «ቀኑ ሲመሽብኝ እረሳዋለሁ ብዬ ነው» አሉኝ።

ጾም ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይበረታል። ወሎ ሁለቱም ጾም ያለበት አገር ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገብቶ ረመዳን በ22 ገባ፤ በአንድ ሰልፍ ላይ ሼሁም ቄሱም ባዶ ሆዳቸውን ቆመዋል ማለት ነው። «ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ» የሚል ወረቀት ለሁለቱም ምን ይጠቅማል? የሃይማኖት አባቶች በሽተኛ ጾም እንደማይገደድ ቢያስተምሩም፣ ብዙ ሰው ጾሙን አይፈታም፤ መድኃኒቱን ይተወዋል፣ ለባለሙያውም አይናገርም። ለእናቱ ግን ይናገራል፤ ለልጁ ይናገራል። እናንተ ያንን የምትሰሙ ልጆች ናችሁ። ስሙና ያዙት። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ክኒኑን በማፍጠሪያና በሱሑር ለመውሰድ ሐኪሙን ጠይቆ ያውቃል ወይስ በራሱ ወስኗል? የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት 6 ወር የሚወሰድ ሆኖ ሳለ ጎረቤታችሁ በሁለተኛው ወር «ተሽሎኛል» ብለው ያቆሙት ምን ቢያስቡ ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በየቤታችሁ ምድጃ ዙሪያ ነው።

አሁን ወደ ማሸጊያው። ስትመጡ ከቤት ባዶ የመድኃኒት ካርቶንና ስትሪፕ ይዛችሁ እንድትመጡ ማስነገሬን አትርሱ፤ እንመለስበታለን። በአገራችን የሚሸጥ መድኃኒት ማብቂያው የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «08/2025» የሚል ካርቶን በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ያበቃል። በ2018 ሳጥኑን ያየ ሰው ግን «8» ሚያዝያ፣ «2025» ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ይመስለዋል። ይህ ቀልድ አይደለም። ፊደል የቆጠሩ ሰዎች፣ እኔ የማውቃቸው አስተማሪ ጭምር፣ በዚህ ተሳስተዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ በቀረው ጊዜ 8 ዓመት መቀነስን የምታውቅ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ የአያቷን የክኒን ፌስታል አንድ ከሰዓት በኋላ ብታገላብጥ ለቤቷ የምትሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ጊዜው ያለፈበትን ለይታ ትጽፋለች፤ ወደ ጤና ጣቢያው ወስዳ ታስረክባለች። እዚያው ላይ ግን ትቁም፤ «ይሄን አቁሚ፣ ያንን ጀምሪ» ማለት የእርሷ ድርሻ አይደለም።

ለምለም የምንለውን የተቅማጥ ንጥረ ነገርም እዩት። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። እናት በጣሳ ትለካለች፤ ጣሳው ስንት እንደሚይዝ ግን ማንም ለክቶት አያውቅም። ሁለት ባለግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያለው ቤት መለኪያ አለው ማለት ነው። ውሃው ካነሰ ጨውና ስኳሩ ይበረታና ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛ ደግሞ አይጠግነውም። በረኪናም እንዲሁ ነው፤ 5 በመቶ የሆነውን ወደ 0.5 ለማውረድ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ክፍል ውስጥ ያሰለቻችሁ የ«መጠነ ክምችት» ትምህርት ይኸው ነው።

ስለ ኮሶ ሳልናገር ባልፍ አያቴ ይቀየሙኛል። ኮሶ በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ የገባ የእኛ ደጋ ዛፍ ነው። በአዲስ አበባ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነውን መድኃኒት ቤት የከፈተው ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ የአገሬውን ሕክምና እየጠየቀ ጽፎ በ1912 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። ባዕድ መጥቶ ከጠየቀ እናንተ አያቶቻችሁን የማትጠይቁበት ምክንያት አይታየኝም። ብቻ «ምን ያድናል?» ብላችሁ አታቁሙ። የፋርማሲ ሰው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ስንት ይለካል? ለማን አይሰጥም? የበዛበት ሰው ምን ሆነ? አያቴ ለነፍሰ ጡር ኮሶ እንደማይሰጥ ሳይማሩ ያውቁ ነበር። እሳቸው የነገሩኝ ከአንድ ወሰነ ትምህርት ኮርስ ይበልጥብኛል። ጻፉት፤ ግን ቀምማችሁ ለማንም አታጠጡ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በሕጋችን የሙያ ፈቃድ የሌለው ሰው መድኃኒት ማደል አይፈቀድለትም። ወላጆች ሆይ፣ «ልጄ ልምድ ያግኝ» ብላችሁ ከዘመድ መድኃኒት መደብር ባንኮኒ ጀርባ አታቁሙት። እኔ ቆሜ ነበር፤ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

ታዲያ ምን ይቻላል? የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዞ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ መጠየቅ ይቻላል። በክረምት በጎ ፈቃድ ሰልፍ ማስያዝ፣ ማንበብ ለማይችሉ ክፍሉን ማሳየት ይቻላል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ለወጣት በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ግን የመድኃኒት መጋዘኑን ቆጠራ ለማየት ለምኑ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ይህች ከተማ ቆጠራ ታውቃለች። በ1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት አጋማሽ እንዲከትት ያዘዙት እዚህ፣ ወረኢሉ ነው። ስንቁን ያላሰላ ጦር ከዚህ አያልፍም ነበር። መድኃኒትም ስንቅ ነው። ቢን ካርድ ላይ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው ይጻፋል፤ ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ እንዲወጣ ከፊት ይደረደራል፤ ኢንሱሊንና ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣሉ። መብራት ሲጠፋ ባለሙያው ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያያችሁ ዕለት ሥራው ይገባችኋል። መድኃኒትን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ኦዲት ለማድረግ የሚያስችለው፣ ኤፒቲኤስ የሚባለው አሠራር በክልላችን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው አገር የተዛመተው። በ2014ቱ ጦርነት በደቡብ ወሎ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ ባዶ መደርደሪያ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ወላጆቻችሁ ያውቁታል።

የመጨረሻውና የከበደው ነገር አፍ ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው። በመስኮቱ በኩል የተነገረ የመድኃኒት ስም ከሰልፉ ጫፍ ይሰማል። መድኃኒቱን ጎረቤት እንዳያይበት ብሎ እዚህ ያለውን ትቶ ደሴ ድረስ የሚመላለስ ሰው አለ፤ የትራንስፖርቱን ብር ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ። እሱን የሚያስኬደው የመድኃኒት እጥረት አይደለም፤ የእኛ ምላስ ነው። ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ያያችሁትን ሰው ማታ ቡና ላይ ስሙን ካነሳችሁ፣ ውጤታችሁ መቶ ቢሆንም ይህን ሙያ አትምረጡ። ለአንድ ወር ያዩትን ሳይናገሩ መቆየት ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ፈትኑ፤ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባው ከኬሚስትሪ ውጤታችሁ በፊት ይሄ ነው።

ወላጆች «ልጄ ሱቅ ከፍቶ ይበለጽጋል» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ክፉ አሳብ አይደለም። ፋርማሲስቱ ግን ሆስፒታል፣ ፋብሪካ፣ ቁጥጥር፣ አቅርቦት፣ ምርምር ቤት ሁሉ ይሠራል። ይህን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን፤ ሰዓቱ ሄዷል፤ ብርዱም ጀምሯል።

በሉ አሁን ካርቶኖቹን አውጡ። ከኋላው ወንበር እንጀምር። አንቺ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስሽው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። መድኃኒቱ ማን ይባላል? የማብቂያ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው? ከእናትሽ ቤት ስታነሺውስ ማን ይወስደው ነበር? ቆይ፣ የመጨረሻውን አትመልሺልኝ።