ስለ ሕግ ዐዋቂውና ስለ ልጆች አባት ስለ ቶማስ ሞር የተነገረ ቃል



የኢዮቤልዩ በዓል ሲከበር ሕንፃውን ያቆሙትን አባቶች ማሰብ የተገባ ነው። ነገር ግን ከድንጋይና ከእንጨት ከሚሠራው ቤት አስቀድሞ አባት በልጆቹ ልብ የሚሠራው ቤት አለ፤ ያ ቤት ያልጸና እንደ ሆነ ይህኛው ወና ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የሚነገረው ቃል ስለ አንድ አባት ነው። እርሱም በሩቅ አገርና በሩቅ ዘመን የኖረው፥ በሥራው ጠበቃና ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የሚነገሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በኢትዮጵያ ሽማግሌዎች «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይላሉ። ንጉሡ ራሱ አልቆምም ያለ እንደ ሆነ ግን ሕግ ዐዋቂው ምን ያደርጋል? የሚወዳት ልጁስ እያለቀሰች ስለ እኛ ብለህ እሺ በላቸው ብትለው አባት ምን ብሎ ይመልሳል? የዚህ ሰው ታሪክ ይህን ጥያቄ የሚመረምር ነው።

ቶማስ ሞር በ1478 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ሞር ሕግ ዐዋቂ ነበረ፤ ኋላም በንጉሡ ችሎት ዳኛ ሆነ። ልጁንም በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በሞርተን ቤት አሳደረው፤ ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ ሰድዶ ሁለት ዓመት ያህል ካስተማረው በኋላ ወደ ሎንዶን መልሶ ሕግ እንዲያጠና አደረገው። ወጣቱ ግን ልቡ ወደ ምንኵስና አዘንብሎ ነበርና በካርቱዚያን መነኮሳት ገዳም አጠገብ አራት ዓመት ያህል በጸሎታቸው ተካፋይ ሆኖ ኖረ። በመጨረሻም ራሱን መርምሮ ትዳርን መረጠ፤ በ1505 ዓ.ም. ጄን ኮልት የምትባል ሴት አግብቶ ማርጋሬት፥ ኤልሳቤጥ፥ ሲሲሊና ጆን የሚባሉ 4 ልጆች ወለደ። ሚስቱ በ1511 ዓ.ም. በሞተች ጊዜ ልጆቹ ገና ሕፃናት ነበሩና፥ ሳይዘገይ አሊስ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴት አግብቶ እናት ተካላቸው።

በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ምን ያደርግላታል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ቶማስ ሞር ግን ቤቱን ትምህርት ቤት አድርጎ፥ መምህራን ቀጥሮ፥ ሴቶች ልጆቹን ከወንድማቸው ጋራ እኩል የላቲንና የግሪክ ቋንቋ፥ ፍልስፍናና የከዋክብትን ትምህርት አስተማራቸው። በመንግሥት ሥራ ከቤቱ በራቀ ጊዜ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር፤ እነርሱም እንዲጽፉለት፥ የሚጽፉት ነገር ቢታጣ እንኳ ስለ መታጣቱ እንዲጽፉ ያዛቸው ነበር። ሊቀጣቸው በወደደ ጊዜም በትሩ የጣዎስ ላባ እንደ ነበረ ራሱ በጨዋታ ጽፎላቸዋል። ትምህርቱም ፍሬ አፈራ፤ ታላቂቱ ልጅ ማርጋሬት ገና 19 ዓመት ገደማ ሳለች ኤራስመስ የተባለው ሊቅ ስለ አባታችን ሆይ ጸሎት በላቲን የጻፈውን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

በሥራውም እንዲሁ ነበረ። በ1510 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የምክትል ሸሪፍነት ሹመት ተቀብሎ በዳኝነት ሲቀመጥ፥ ነገር ከማፍጠኑ የተነሣ ሕዝቡ ወደደው፤ ተከራካሪዎች የሚከፍሉትን የዳኝነት ገንዘብም ብዙ ጊዜ ይተውላቸው ነበር። በ1516 ዓ.ም. ዩቶፒያ የሚባለውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ በልቡናው የፈጠራትን ደሴት ሲገልጥ ሕግዋ ጥቂት እንደ ሆነ፥ ጠበቃም እንደሌለባት ጻፈ። ጠበቃ ሆኖ ሳለ ጠበቃ የማያስፈልግባትን አገር መመኘቱ፥ ሕግን የወደደው ስለ እንጀራው ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

በ1529 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሎርድ ቻንስለር አድርጎ ሾመው፤ ይህም በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት አፈ ንጉሥነትና ጸሐፌ ትእዛዝነት ባንድ ሰው ላይ እንደ መደረብ ያለ ማዕረግ ነው። ሽማግሌው አባቱ በዚያው በዌስትሚንስተር አዳራሽ በሌላው ችሎት ይፈርድ ነበርና፥ ልጅ ወደ ወንበሩ ሳይወጣ አስቀድሞ ወደ አባቱ ችሎት ገብቶ፥ በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ምርቃት ይቀበል ነበር። ከልጁ ባሎች አንዱ ግን አማቴ ዳኛ ነው ብሎ ተመክቶ የዕርቅ ምክር እንቢ ባለ ጊዜ፥ ቶማስ ሞር ነገሩን መርምሮ በአማቹ ላይ ፈረደበት። ለአባቱ የተንበረከከው ጕልበት በዳኝነት ወንበር ላይ ለዘመድ አልታጠፈም።

የሰው ታሪክ ሲነገር ጥላውን መሸፈን አይገባም። በሹመቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር 6 ሰዎች ስለ ሃይማኖት መናፍቃን ናችሁ ተብለው በእሳት ተቃጥለዋል፤ እርሱም ያን ቅጣት ደግፎ ጽፎአል። ኋላ ለራሱ ኅሊና የለመነውን ፋታ ለእነዚያ አልሰጣቸውም። ይህም ታላቅ ሰው እንኳ የዘመኑን ጨለማ ሁሉ ማየት እንደማይቻለው የሚያስረዳ ነው።

ከዚህ በኋላ ፈተናው መጣ። ንጉሡ ሚስቱን ካተሪንን ፈትቶ አን ቦሊንን ሊያገባ፥ ቤተ ክርስቲያኒቱንም ከራሱ ሥልጣን በታች ሊያደርግ በተነሣ ጊዜ፥ ቶማስ ሞር ግንቦት ወር 1532 ዓ.ም. ሹመቱን መለሰ። ገቢው በጐደለ ጊዜ ልጆቹን ሰብስቦ፥ ኑሮአችንን ደረጃ በደረጃ ዝቅ እናድርገው፤ የሕግ ተማሪዎችን ማዕድ ካልቻልነው ወደ ኦክስፎርድ ተማሪዎች ማዕድ እንወርዳለን፤ ያም ካልሆነ ከረጢት ይዘን ባንድነት እንለምናለን የሚል ምክር በፈገግታ አቀረበላቸው። አኩፋዳ ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል ያደገ ተማሪ ሁሉ ይህ ቃል ውርደት እንዳልሆነ ያውቃል።

በሚያዝያ ወር 1534 ዓ.ም. ከአን ቦሊን የሚወለዱት ልጆች አልጋ ወራሾች እንዲሆኑ የሚያጸና መሐላ ታወጀ። ቶማስ ሞር የአልጋውን ወራሽነት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን በመሐላው ላይ የተጨመረውን ቃል ኅሊናዬ አይፈቅደውም ብሎ እንቢ ስላለ፥ በታወር ግንብ ታሰረ። ልጁ ማርጋሬት የእግዚአብሔር ሕግ እስከ ፈቀደ ድረስ የሚል ቃል አክላ ምላ ነበርና፥ አባትዋን ለመጠየቅ ፈቃድ አገኘች። በእስር ቤትም ተቀምጣ፥ ብዙ ጳጳሳትና ሊቃውንት ምለዋልና አንተም ማል ብላ ለመነችው። እርሱም ሔዋን ሆነሽ መጣሽብኝ ሲል ቀለደባት እንጂ አልተቈጣትም። የማለውን ሰው አልነቀፈም፤ ያልማለበትንም ምክንያት በሰው ላይ አልጫነም። የሌላውን ኅሊና ለባለቤቱ ትቶ የራሱን ብቻ ጠበቀ። አባት ለልጁ ፍቅር ሲል እውነትን ቢለቅ፥ ወይም ስለ እውነት ሲል ልጁን ቢያርቅ፥ ከሁለቱ አንዱ በጠፋ ነበር፤ እርሱ ግን ሁለቱን ይዞ ቈየ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ንጉሡ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ነው የሚል ሕግ ወጣ፤ ማዕረጉን በክፋት የሚክድም በሞት እንዲቀጣ ተደነገገ። ቶማስ ሞር በዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት የተፈጸመው በእርሱ ላይ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1535 ዓ.ም. ለፍርድ በቀረበ ጊዜ፥ ሕግ የሚቀጣው ንግግርንና ሥራን እንጂ ዝምታን አይደለም፤ በሕግ ዘንድም ዝም ያለ እንደ ተስማማ ይቈጠራል ብሎ ተከራከረ። የቅኔ ሰው ይህን ነገር በሰምና በወርቅ ይፈታዋል፤ ሰሙ በሕግ ዓይን ሲታይ እሺታ ነው፥ በሰሙ ውስጥ የተሰወረው ወርቅ ግን እንቢታ ነው፤ ሰሙን ሳያቀልጥ ወርቁን ሊቀጣ የሚችል ዳኛ የለም። በዚህ ጊዜ ሪቻርድ ሪች የሚባል የንጉሡ ሹም፥ በእስር ቤት ሳለ የንጉሡን ሥልጣን ሲክድ ሰምቼዋለሁ ብሎ መሰከረበት። ቶማስ ሞር ምስክርነቱ ሐሰት ነው ብሎ ቢቃወምም ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ከተነገረ በኋላ ግን፥ ዝምታው ሥራውን ፈጽሞ ነበርና፥ የልቡን እምነት በግልጥ ተናገረ።

ወደ ግንቡ ሲመልሱት ማርጋሬት በወንዙ ወደብ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ጦርና መጥረቢያ የያዙትን ወታደሮች ጥሳ ገብታ በሕዝብ ሁሉ ፊት አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ እርሱም ባረካት። ጥቂት ከሄደች በኋላ ግን አልቻለችምና ተመልሳ እንደ ገና አቀፈችው። ሐምሌ 5 ቀን በከሰል በጻፈላት በመጨረሻው ደብዳቤ፥ ያን ዕለት እንደዚያ በሳመችው ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ እንደ ወደዳት ገለጠላት። በማግሥቱ ሐምሌ 6 ቀን 1535 ዓ.ም. አንገቱ ተቈረጠ። ራሱ በሎንዶን ድልድይ ላይ ተሰቅሎ ከቈየ በኋላ ማርጋሬት አስወርዳ ተቀበለችው፤ እስክትሞትም ድረስ ጠበቀችው። በሞተ በ400 ዓመቱ፥ በ1935 ዓ.ም.፥ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመችው።

ወገኖች ሆይ፤ ሀብቱ ለንጉሥ ስለ ተወረሰ ልጆቹ ብዙ ርስት አላገኙም። ነገር ግን ደብዳቤዎቹን ጠበቁ፤ የማርጋሬት ባል ዊልያም ሮፐርም የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ። በልጅነታቸው ስለ ምንም ነገር ቢሆን ጻፉልኝ ያላቸው አባት፥ በሞተ ጊዜ የሚጽፉለትንና የሚናገሩለትን ልጆች አገኘ። ሕግን በችሎት የሚያውቅ ብዙ ነው፤ በችሎት የሚናገረውን ሕግ በቤቱም የሚኖርበት ግን ጥቂት ነው። ልጅ ሕግን የሚማረው ከአዋጅ አስቀድሞ ከአባቱ ፊት ነው፤ አባትየው ለዘመድ ሲያደላ ያየ ልጅ አድልዎን ይማራል፥ ስለ እውነት ሲጐዳ ያየ ልጅ ግን የእውነትን ዋጋ ያውቃል። እግዚአብሔር ለአባቶች እንዲህ ያለውን ጽናት፥ ለልጆችም እስከ ወደብ ድረስ የምትከተለውን ፍቅር ያድላችሁ፤ አሜን።