ጉሮሮውን ሳያሰፉ ቤንዚን ማብዛት



ዛሬ የምንናገረው ስለ አሮጌ ትራክተር ኃይል ነው፤ በዚሁ ሰበብ ያደረስነውንም ጥፋት አንደብቅም።

በአሜሪካ አገር ገበሬዎች የአባቶቻቸውን ትራክተር አድሰው ክብደት የተጫነበት ተንሸራታች በማስጎተት ይወዳደራሉ። ተንሸራታቹ በተጓዘ ቁጥር ጭነቱ ወደ ትራክተሩ እየቀረበ ጉተታውን ያከብደዋል፤ አርቆ የጎተተም ያሸንፋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ብሔራዊ የትራክተር ጎታቾች ማኅበር ተቋቁሟል። ከሚወደዱት ትራክተሮች አንዱ ከ1939 እስከ 1952 የተሠራው ፋርሞል ኤም ነው።

ባለቤቶቹ ኃይል ለመጨመር ካርቡራተሩን ያሻሽላሉ። ካርቡራተር ግን ኃይል አይፈጥርም፤ አየርና ቤንዚን መጥኖ ያቀላቅላል እንጂ። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ በትንሽ ቀዳዳ ተስቦ ይረጫል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ብርቱ ኃይል ሲፈለግ ግን ቤንዚኑ ጥቂት እንዲበዛ ለ13 ኪሎ ያህል አየር አንድ ኪሎ ይሰጣል።

የፋርሞል ኤም ሞተር 4 ሊትር ያህል ይይዛል። በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚስብ፣ በደቂቃ 1450 ጊዜ ሲዞር ቢበዛ 2900 ሊትር ያህል አየር ይወስዳል፤ ዙሩ 2000 ሲደርስ 4000 ሊትር ይሻል። ያን ጊዜ የፋብሪካው ጉሮሮ ይጠበዋል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ አስቀድመው ጉሮሮውን ያሰፋሉ፤ ቀጥሎም የቤንዚኑን ቀዳዳ በዚያው ልክ ያሳድጋሉ። ከዚያም ካንዴላውን ፈትተው ይመረምራሉ። ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ ቤንዚን አንሷል፣ ይህም ቫልቭና ፒስቶን ያቃጥላል። ጉሮሮው ከልክ በላይ ቢሰፋ ደግሞ አየሩ በዝግታ ስለሚያልፍ ቤንዚኑን መሳብ ያቅተዋል፤ ትራክተሩም ገና ሲነሣ ሳል ሳል ብሎ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ በሚገባ የተረዳነው ከጥፋት በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ውድድሩ አንብበን፣ «የአትክልቱን ቦታ የውሃ ፓምፕ እናበርታው» አልን። መምህራችንን ሳናስፈቅድ የቤንዚኑን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አሰፋን፤ የአየሩን መንገድ ግን አላሰብንበትም። ፓምፑ ጥቁር ጢስ ተፋ፤ ጥቂት ቆይቶም ቆመ። የተበሳ ናስ ተመልሶ አይጠብም። ምትክ ዕቃ እስኪገኝ ድረስ የዘጠነኛ ክፍል ታናናሾቻችን ከወንዝ በባልዲ ውሃ አመላለሱ። እኛም ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብለን አየናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነውን ግን ሌሎች ለቀሙልን።

ስለዚህ ታናናሾቻችንን በዛሬው በዓል፣ በወላጆቻችን ፊት፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከእኛ በኋላ ለምትመጡትም የምንመክራችሁ ይህን ነው፤ ሞተር ከመንካታችሁ በፊት የሚገባውን አየርና ቤንዚን አስሉ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ካበላሻችሁም በዚያው ቀን ተናገሩ።