ሰፈርና ሰፋሪ



አማርኛ ሰውን በአገሩ ሲጠራ ጎንደሬ፣ ወሎዬ፣ አዲስ አበቤ ይላል። ይህ አጠራር የይዞታ ማረጋገጫ አይጠይቅም። በእኛ የጥናት ሰነዶች ግን አዲስ አበቤ አይገኝም፤ የሚገኙት ባለይዞታ፣ ተከራይ፣ ደባል፣ ተነሺና ሕገ ወጥ ሰፋሪ ናቸው።

የመጨረሻው ስያሜ ይበልጥ ያስገርማል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ ሠራዊታቸውን አስከትለው በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ራስ ብሩ ሰፈር የመሳሰሉት ስሞች ከዚያው አሰፋፈር የወጡ ናቸው። ሰፈርና ሰፋሪ ከአንድ ግስ ተወልደው ሳለ፣ አንደኛው የከተማይቱ መሠረት ሲሆን ሁለተኛው ክስ ሆነ።

ይህ የቃል ምርጫ ከሥራችን ይገባል። የውኃ ወይም የፍሳሽ መስመር ስንነድፍ ስሌታችን የሚነሣው ከቈጠርነው ሕዝብ ነው። ባለይዞታን ብቻ ከቈጠርን፣ በጓዳ ያለው ደባልና በጓሮ ያለው ተከራይ ከስሌቱ ይወጣሉ፤ ውኃውን ግን ይጠጣሉ፤ ቧንቧውም ለእነርሱ አይበቃም።

እንግዲህ ባልደረቦቼን የምለምነው፣ በሰነዶቻችን ላይ አስቀድሞ «ነዋሪ» የሚለው ቃል ከነቍጥሩ እንዲጻፍ፣ የይዞታውም ዓይነት ከዚያ በኋላ እንዲከተል ነው።