ስኮርታ የሌለው ሥርዓት



እንዲህ ያለ የምረቃ መድረክ ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ የሚቀመጠው ሚኒስትር ዴኤታ ነው፤ እሱ ካልተገኘ የባንክ ፕሬዚዳንት። እናንተ ዘንድሮ የሚኒባስ ሹፌር ጠርታችኋል። የኮሌጁን ዲን ለምን እኔን እንደመረጡ ስጠይቃቸው፣ «ጋቢና ተቀምጬ የምሰማውን ልጆቹም ይስሙት» አሉኝ። ጋቢና ምን እንደሚወራ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ሁሉም ሰው የገንዘብ ሚኒስትር ነው። ስለ ዶላር፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ኮሪደር ልማት፣ የአሜሪካ ምርጫ እንኳን ሳይቀር፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ እስክንደርስ ውሳኔ ይተላለፍበታል። አብዛኛው ወሬ ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን ሕጉም ቴክኖሎጂውም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኛ ላይ ነውና፣ የት ጋ እንደሚቆረቁር እናውቃለን።

ግማሻችሁ የኮምፒውተር፣ ግማሻችሁ የአውቶሞቲቭ ተመራቂ መሆናችሁ ተነግሮኛል። ሁለታችሁንም የሚነካ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፦ የሠራችሁት ነገር በሚበላሽበት ቀን ምን ይሆናል?

ሹፌር ሲባል አዲስ ነገር የሚጠላ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን የዲጂታል ክፍያ ደጋፊ ነኝ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር፣ በዝርዝር ሳንቲም የተነሳ በየቀኑ የምንጣላው ጠብ የሚያልቅ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በሐምሌ 2014 የታለመው የነዳጅ ድጎማ ሲመጣም፣ ድጎማው በስልክ በኩል በቀጥታ ለሕዝብ ትራንስፖርት ይድረስ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው ብዬ ከባልደረቦቼ ጋር ተከራክሬያለሁ። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ሲቀርም አልተቃወምኩም። ማታ ማታ ብር ይዞ ከመዞር ይሻላል።

አንድ ቀን ግን፣ ስሙን የማልጠራው ማደያ፣ ሌሊት ተነስቼ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ፣ በስልክ ከፈልኩ፣ ከሂሳቤ ላይ ብሩ ተቆረጠ። ማደያው ጋ ግን አልገባም። ቀጂው ልጅ ስልኩን አየ፣ የኔንም ስልክ አየ፣ «ሲስተም የለም፣ ዳር ያዝልኝ» አለኝ። ዳር ያዝኩ። ከኋላዬ የነበሩት እየቀዱ ሄዱ። ልጁ ላይ መጮህ አልፈለግኩም፤ እሱም እንደኔ ተቀጣሪ ነው፣ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። የሚደወልለት ሰው የለም፣ የሚሞላ ፎርም የለም፣ «ይኼ ሲፈጠር እንዲህ አድርግ» የሚል ወረቀት የለም። በኋላ ገንዘቤ ተመለሰ። የዚያ ቀን ሥራዬን ግን የመለሰልኝ የለም።

ኔትወርክ ይቋረጣል፤ እንኳን እኛ አገር የትም ይቋረጣል። ማወቅ የምፈልገው፣ በተቋረጠ ጊዜ ኪሳራው የሹፌሩ ይሁን ብሎ የወሰነው ማን ነው የሚለውን ነው። ጠይቄ ጠይቄ የደረስኩበት መልስ፣ ማንም አልወሰነም የሚል ነው። ሲስተሙን የሠራው ሰው ስለሚሠራበት ቀን ብቻ አሰበ። መመሪያውን የጻፈውም ስለሚከበርበት ቀን ብቻ አሰበ። ሁለቱም ያላሰቡበት ቀን ደግሞ አቅም በሌለው ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

እኔ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። ጎማዬ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ መንገዱን ስለማውቀው ነው። ትራፊክ ፖሊስም ስኮርታ የለህም ብሎ ሊይዘኝ ይችላል። አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን መኪና ይህን ያህል ከተጠየቀ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚያሳፍር ሲስተም ስኮርታህ የት አለ ተብሎ የማይጠየቀው ለምንድን ነው?

አገር ውስጥ ጥሩ ምሳሌ የለም አልልም። ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ልመዘገብ የሄድኩ ቀን፣ ከፊቴ አንድ ግንበኛ ነበር። ሲሚንቶ ጣቱን በልቶት አሻራው አልነበብ አለ። ሰውየው ሊመለስ ነው ብዬ አዘንኩ። መዝጋቢዋ ግን ሳትረበሽ ወደሚቀጥለው አለፈች፤ ምክንያቱም ፋይዳ ከአሥሩ ጣት በተጨማሪ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል። አንዱ ሲያቅት ሌላው ይሸፍናል። ይህን ያሰበ ባለሙያ የግንበኛ እጅ አይቶ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። እኔ የምለው ይህንኑ ነው።

አሁን ደግሞ ያልታሰበበትን ልንገራችሁ። ታክሲ ውስጥ እናቶች፣ «ልጄ፣ ብሩን አንተው ላክልኝ» ብለው ስልካቸውን ለረዳቴ ይሰጡታል። የሚስጥር ቁጥራቸውንም ጮክ ብለው ይነግሩታል፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ረዳቴ ጨዋ ልጅ ነው። ሌላው ረዳት፣ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ጨዋ ስለመሆኑ ግን ማን ዋስ ይሆናል? ቴሌብር ኮከብ 127 መሰላል ሲደወል ያለ ኢንተርኔት በቁልፍ ስልክ መሥራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የሠራውን ሰው አመሰግናለሁ። ማንበብ ለማይችል ሰው ግን ቁልፍ ስልክም ስማርት ስልክም አንድ ነው። ከዚያ ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ የሚል የጽሑፍ መልእክት ይላክላቸዋል። እሱንም ረዳቴ ያነብላቸዋል!

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው ነገር ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ላይ እሰማለሁ። ሥራ ይወስዳል ይላሉ፣ በሽታ ይመረምራል ይላሉ። ይሁን። ከእናንተ መሃል ያን የተማረ ካለ፣ ለእነዚያ እናቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚሰሙት ቋንቋ የሚናገር፣ ስንት ብር ለማን እንደሚሄድ በድምፅ የሚነግራቸው ነገር ቢሠራ፣ እኔ በግሌ ከሮኬት በላይ አደንቀዋለሁ።

የአውቶሞቲቭ ልጆች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ስንሰማ፣ ተራ መጠበቂያው ላይ የተባለውን ብደግመው ቤተሰቦቻችሁ ይቀየሙኛል። የኔ አስተያየት ግን ከጓደኞቼ ይለያል። ነዳጁን በዶላር ገዝተን በአብዛኛው በጂቡቲ የምናስገባ ሕዝብ ነን። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የብሩ አቅም ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በ2017 አንድ ሊትር ቤንዚን 100 ብርን ተሻግሯል። በሌላ በኩል 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ገንብተን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 አስመርቀናል። በኤሌክትሪክ እንሂድ የሚል ውሳኔ ስሌቱ ትክክል ነው። ሹፌር ሆኜ እመሰክራለሁ።

ስሌቱ የሚጎድለው ሰፈር ሲደርስ ነው። ግድቡ ሞልቶ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ከተቃጠለ፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ያድራል። የባትሪው ዋስትና ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚያወጣ በግልጽ የሚነግረኝ ሻጭ አላገኘሁም። የድሮውን ሚኒባስ መንገድ ዳር የሚፈታታልኝ መካኒክ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ኬብል በዚያው በለመደ እጁ ቢነካው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ እናንተ ታስፈልጉናላችሁ፤ ሰርተፊኬታችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ሳይሆን፣ ያንን የሰፈር መካኒክ አስተምራችሁ። ከሥራው ልታስወጡት አይገባም። የመኪና ጠባይ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው፤ የጎደለው አዲሱ ትምህርት ብቻ ነው።

ጥገና ካልታሰበበት ምን እንደሚሆን በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አይተናል። በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር እንጀራችንን ሊወስድ ነው ብለን ፈርተን ነበር። 41 ባቡር ይዞ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆሙ፤ ተሳፋሪውም ተመልሶ ወደ እኛ ሰልፍ መጣ። ገበያችን ደራ፣ እኔ ግን አልተደሰትኩም። ባቡሩ የተሠራበት የብድር ዕዳ የኔም ነው። ሪባን ሲቆረጥ ሁሉም ይገኛል፤ ብሎን በጠፋ ቀን ግን ስልክ የሚያነሳ አይገኝም።

ስለ ሕግ አወጣጥ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልቋጭ። እኛ አዲስ መመሪያ መውጣቱን የምንሰማው ከትራፊክ ፖሊስ ነው፤ በመስኮት፣ ከቅጣት ወረቀት ጋር። ከዚያ በፊት የጠየቀን የለም። ታሪፍ ሲወጣም፣ መስመር ሲቀየርም፣ ተሳፋሪ በስልክ ይክፈል ሲባልም እንደዚያው ነው። አንድ ጠዋት ረዳቴን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ በአጭር መንገድ ላይ አሥራ ሁለት ሰው በየተራ ሚስጥር ቁጥር እስኪያስገባ የሚጠብቅ ታክሲ እንደሌለ በደቂቃ ይገባው ነበር። እኛ ደግሞ መጠየቅ ሲገባን ጋቢና ውስጥ ማማት ይቀናናል። ይኼ የኛ ድክመት ነው፤ በማኅበራችን በኩል ጽፈን ማቅረብ ነበረብን።

ተመራቂዎች፣ ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ መንግሥት መሥሪያ ቤት ትገባላችሁ፣ አንዳንዶቹ ባንክ፣ ቴሌኮም፣ ጋራዥ። የሠራችሁትን ነገር «አልቋል» ብላችሁ ከማስረከባችሁ በፊት፣ አለቃችሁ ባይፈቅድም እንኳን በእረፍት ቀናችሁ፣ ማደያ ሂዳችሁ ተሰለፉ። ባጃችሁን አውልቁ። ቀጂውን፣ ረዳቱን፣ ስልክ ለሰው የምትሰጠዋን እናት ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ብሩ ተቆርጦ ሳይደርስ ሲቀር ማን ምን ያደርጋል የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አብራችሁ አስረክቡ። የሚደወልበትን ቁጥርም ጻፉበት፤ የሚያነሳ ሰው ያለበትን ቁጥር።