የማይክሮዌቭ ሣጥን ብክነትና የውስጥ ልጣጩ



ከእንጦጦ ጀርባ በምትገኘው በሱሉልታ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ የጀመረው የሳተላይት ምድር ጣቢያ ኢትዮጵያን ከሩቅ አገሮች ጋር በማይክሮዌቭ አገናኝቷል። በዚህ ዓይነት አገልግሎት ወደ ሳተላይት የሚላከው ሞገድ በተለምዶ 6፣ የሚመለሰው ደግሞ 4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ሞገዶቹን የሚለዩት ማጣሪያዎችም ሆኑ ክላይስትሮን የተባለው የኃይል ማጉያ ቱቦ የሚሠሩት በሬዞናንስ ሣጥን፣ ይኸውም ሞገድ ታፍኖ በሚመላለስበት ባዶ የብረት ዕቃ ነው።

የሣጥኑ ጥራት የሚለካው ያከማቸው ኃይል በየዙሩ ከሚባክነው ጋር ሲነጻጸር ነው። ብክነቱስ ከወዴት ይመጣል? ጅረቱ በግድግዳው ውፍረት ሁሉ አይሄድም፤ በ6 ጊጋኸርዝ፣ በመዳብ ላይ፣ በአመዛኙ የሚያልፈው 0.85 ማይክሮን ያህል ጥልቀት ባለው የውስጥ ልጣጭ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ማወፈር ጥንካሬን እንጂ ጥራትን አይጨምርም።

ብዙዎች መድኃኒቱ ብር ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ብር ጅረትን በማስተላለፍ ከመዳብ የሚበልጠው በ6 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ ከብክነቱ የሚያስቀረው 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በአንጻሩ የቶርኖ ስለት የተወው ጭረት ከልጣጩ ጥልቀት ሲበልጥ፣ የጅረቱ መንገድ ስለሚረዝም ብክነቱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በሸካራ ገጽ ላይ የተለበጠ ብርም ሸካራነቱን ይወርሳል። ጅረት የሚያቋርጠው የላላ መጋጠሚያ ደግሞ የልስላሴውን ትርፍ ሁሉ ያጠፋል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ጅረት በማያቋርጥበት ቦታ ሊውል ይገባል።

ሣጥኑን ማስፋትም ይረዳል፤ ይዘቱ ከግድግዳው ስፋት ይልቅ ፈጥኖ ያድጋልና። ነገር ግን ከልክ ሲያልፍ ላልተፈለጉ ሞገዶች ሥፍራ ይሰጣል። ጥራቱ በጨመረ መጠንም የሙቀት ለውጥ ይበልጥ ይሰማዋል፤ በደጋ አየር የሚያጋጥም የ10 ዲግሪ ልዩነት የ6 ጊጋኸርዝን የመዳብ ሣጥን በ1 ሜጋኸርዝ ያህል ከቦታው ያዛውረዋል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብረት የሚቆርጥና የሚሞርድ እጅ አለ። ያ እጅ የሚታዘዘው ግን በተሰጠው ሥዕል ነው። መሐንዲሱ ርዝመትና ስፋትን ብቻ ጽፎ የውስጡን ልስላሴና የመጋጠሚያውን ቦታ ከዘለለ፣ ጥፋቱ የባለሙያው አይደለም። ብር ከመግዛት በፊት ሥዕሉን ማረም ይቀድማል።