ስለ ሕፃናት የሥዕል ጨዋታ በቤት ዕቃና በአገር አፈር



ፊደል ለመቍጠር ያልደረሰ ሕፃን ከምድጃ ዳር ከሰል አንሥቶ ግድግዳ ሲያጠቍር ቢገኝ በብዙ ቤት የሚጠብቀው ቍጣ ነው። ነገር ግን የተበላሸው ምርጊት በአንድ ቀን ይታደሳል፤ ከልጁ የተነጠቀው ድፍረት እንዲህ በቶሎ አይመለስም። ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሬበል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. የሕፃናት ቤት ከፍቶ በ1840 ኪንደርጋርተን ብሎ ሲሰይመው፥ ትርጓሜውም የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለት ነው፥ የዚህ ዕድሜ ትምህርት ጨዋታው ራሱ መሆኑን አስቦ ነበር።

ለዚህም ጨዋታ ቀለም ከሱቅ መግዛት አያሻም። ቤቷን በቀይና በነጭ አፈር የምትቀባ እናት መልካሙ አፈር ከወዴት እንደሚቈፈር ታውቃለችና መምህሩ አስቀድሞ እርሷን ይጠይቅ። አፈሩ ተወቅጦ ይነፋና በውሃ ይበጠበጣል፤ አሸዋው ሲዘቅጥ ድፍርሱ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፤ በዚያም ሲረጋ የጠራው ውሃ ይደፋል፥ ከታች የቀረው ልዝብ ጭቃ ቀለም ነው። ብቻውን ሲደርቅ ስለሚረግፍ በሞቀ ውሃ የሟሟ የግራር ሙጫ ወይም ቀጭን የዱቄት ሙቅ ይጨመርበታል። እንቍላልም ያጣብቃል፤ ሕፃኑ ሊበላው የሚገባውን እንቍላል በግድግዳ ላይ ማፍሰስ ግን ነውር ነው።

ጥቍሩ ከደቀቀ ከሰል፥ ቡናማው ከቡና አተላ፥ ቢጫው ከእርድ ይገኛል። በእርዱ ላይ ከተጣራ የአመድ ውሃ ጥቂት ጠብታ ቢወርድበት ቢጫው ወዲያው ይቀላል፤ ሎሚ ቢጨመቅበት ይመለሳል። ይህን የሚያሳይ መምህሩ ይሁን እንጂ የአመዱን ውሃ ሕፃን አይንካው፥ ቈዳ ይበላልና። በርበሬና ኖራም ዐይን ስለሚያቃጥሉ ይራቁ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ለጥቍር ሰሌዳ መቀቢያ ሲባል ከተሰበረ የባትሪ ድንጋይ የሚወጣው ዱቄት ነው፤ ጐጂ ስለ ሆነ ወደ ሕፃን እጅና አፍ ሊደርስ አይገባም።

ብሩሹ ጫፉ የታኘከ የወይራ መፋቂያ ነው። የዶሮ ላባም ይሆናል፤ የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቀለም ነክቶ ሲንከባለል መልካም ጥለት ይተዋል። መሣያውም ጠፍጣፋ ድንጋይ፥ የካርቶን ቍራጭ ወይም የተፈቀደ የጓሮ ግድግዳ ነው።

አስቸጋሪው የመምህሩ ድርሻ ነው። ብዙው መምህር ላም በሰሌዳ ሥሎ «እንዲህ አድርጉ» ይላል፤ ያን ጊዜ ሃያ ልጅ አንድ ዐይነት ላም ያመጣል፥ ላሟም የመምህሩ እንጂ የልጆቹ አይደለችም። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ሰው ሲሥል ብዙ ጊዜ እግሩን በቀጥታ ከራሱ ያበቅላል፤ ይህም በብዙ አገር ሕፃናት ዘንድ የታየ የዕድገት ደረጃ ስለ ሆነ አይታረም፥ አይሣቅበትም። «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ከመመርመር ይልቅ «እስኪ ንገረኝ» ቢባል ልጁ የልቡን ያወጣል፤ ከአጠገቡ የተቀመጠ ሽማግሌም ተረት አያጣም።

በካርቶን የተሣለው በጀርባው የልጁ ስምና ቀኑ ይጻፍበት፤ የመስቀልና የፋሲካው ጐን ለጐን ሲታይ ወላጅ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ሙጫ የገባበት የአፈር ቀለም በቅል ስባሪ ቢደርቅ በማግሥቱ በውሃ ይሟሟል፤ ሙቅ የገባበት ግን ይሻግታልና በዚያው ቀን ይደፋ።