እናትህ ስምህን ብትረሳ

ወገኔ ሆይ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዕድሜዋን ሙሉ ደሴ ሰኞ ገበያ ስትመላለስ የኖረች እናትህ ዛሬ የቤቷ መንገድ ጠፍቷት ቆማ ብታገኛት ምን ትላለህ? ብዙዎቻችን «ጃጀች» እንላለን፤ አንዳንዱም «መንፈስ ነው» ብሎ ከሰው ይደብቃታል። ተው፣ ወገኔ! ይህ የአንጎል ሕመም ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አልዛይመር ገና እ.ኤ.አ. በ1906 አስረድቶታል።

ጸልይላት፤ ሐኪም ዘንድም ውሰዳት። መታከም እምነት ማነስ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድባቴ፣ የምትውጠው መድኃኒትም ጭምር ማስታወስን ያደክማል፤ እነዚህ መፍትሔ አላቸው። አልዛይመርን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ግን ገና የለም፤ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀልል አለ። በድንገት ከተምታታባት ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል አድርሳት።

አንተስ? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳለው፣ 14 አጋላጭ ነገሮች ቢወገዱ ከመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። እንግዲያው ደም ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ። ሲጋራውን ጣል፣ መጠጡን ተው። ጆሮህ ከደከመ ታከም። ባጃጁን ትተህ በእግርህ ሂድ። ጎረቤት ቡና ጥራ፤ ብቻህን አትዋል።

አሥር ጊዜ «ማነህ?» ብትልህ አሥር ጊዜ በፍቅር መልስላት። ልጅ ሳለህ ስንቴ መልሳልሃለች! እርሷ ስምህን ብትረሳም፣ ስሟን የማይረሳ ጌታ አለ። አንተም አትርሳት።